ቅቤ የጠጣው ባቡር

የዚያን ቀን አልዩ አምባ ላይ፣ በአባባ ኑሩ ሱቅ በረንዳ የነበርነው እነዚህ ነን። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ቆሟል። ባለሱቁ አባባ ኑሩ፣ የጋሼ የድሮ ወዳጅ፣ በራቸው ላይ ናቸው። ልጃቸው ዘሀራ፣ የእኔ እኩያ፣ ከአጠገባቸው። ከሱቁ ጎን የስፌት መኪናውን የዘረጋ ልብስ ሰፊ አለ፤ ስሙን አልያዝኩትም። ጨው ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶችም አሉ። እኔ ደግሞ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በበግ ጠጉር ባና ቁራጭ የተጠቀለለ ትንሽ ባቡር በሁለት እጄ አቅፌያለሁ። በቅሎዋንም ልቁጠራት፤ ከሁላችን ይበልጥ የደከመችው እሷ ነበረች።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ውስጥ ባቡሮቼን ከመደርደሪያ አውርጄ በላምባ ስጠርግ፣ ትንሿ ልጄ ጸጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ መጥታ ተለጠፈችብኝ። ላምባውና ቅቤው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገናኙ እጄ ቆመ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ያችን ጎማ አፍሽ ውስጥ እንዳትከቻት።»

«ትልቅ ሰው ነኝ እኮ።»

«ትልቅም ሰው ይታነቃል» አልኳትና እጇን ከፍቼ አየሁ።

ባቡሮቼ አርባ ሦስት ናቸው። የቆርቆሮ አሉ፣ የእንጨት አሉ፣ በባትሪ የሚሄዱ ፕላስቲኮችም አሉ። አንዳንዶቹን ከዓረብ አገር የተመለሱ ዘመዶች በሻንጣቸው ጥግ ይዘውልኝ መጥተዋል። አንዳንዶቹን ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ለቅሜ፣ ዝገታቸውን ፍቄ፣ የጎደለ ጎማቸውን ተክቼ አድኛቸዋለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ላይ «የልጆች መጫወቻ ለራሷ ትገዛለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ዛሬ እንግዳ ሲመጣባቸው ወደ እኔ ቤት ይዘውት ይመጣሉ። «ባቡር ባይኖረንም ባቡር ያላት ሴት አለችን» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ እኔ አቀርቅሬ አቧራ እጠርጋለሁ፤ ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ግን አልገዛኋቸውም። በአንድ ክረምት የተሰጡኝ ናቸው።

ጋሼ ደምሴ ወደ አንኮበር የመጡት በሰኔ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ነው። ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ሆነው ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ሚስትም ልጅም ስላልነበራቸው ታናሽ ወንድማቸው ቤት መጡ። በእኛ ሰፈር ያኔ ባቡር ሲባል የሚታወቀው ወፍጮው ስለነበር፣ እኔ ዱቄት የለበሰ ሰው ነበር የጠበቅሁት። የመጡት ግን ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲተነፍሱ ደረታቸው የሚያፏጭ ሽማግሌ ናቸው። ከአንድ የእንጨት ሳጥን በቀር ዕቃ አልያዙም።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እንኳን ደህና መጣህ ሊሏቸው መጥተው ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ ቀረ።

«ሠላሳ ዓመት ከአገር ወጥቶ አንድ ሳጥን?» አሏት እናቴን በሹክሹክታ። የእሳቸው ሹክሹክታ ደጅ ድረስ ይሰማል።

«ውስጡን ሳታዪ አትፍረጂ፣ አስካለ» አሉ ጋሼ ከመደቡ ላይ።

ሳጥኑን ከፈቱት። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሏል። መጀመሪያ የወጣው ራሱ ባቡሩ ነው፤ አረንጓዴ፣ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ፣ ጎኑ ላይ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ቁልፍ ያለው። አንድ ፈረንጅ መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደ ነው። ከዚያ ፉርጎዎቹ ወጡ፤ አሥራ አንድ። ሦስቱ ከውጭ የመጡ ሲሆኑ ስምንቱን ጋሼ ራሳቸው ከዘይትና ከሰርዲን ቆርቆሮ ቆርጠው የሠሯቸው ናቸው። ባቡሩ በየጣቢያው ጭነት እስኪያራግፍ እሳቸው ቆርቆሮ ይቆርጡ ነበር። በእያንዳንዱ ፉርጎ ጎን ላይ በነጭ ቀለም የአንድ ጣቢያ ስም ጽፈዋል።

ሀዲዱን የሠሩት እኛ ቤት ነው። ባሕር ዛፍ ፈልጠው፣ አለስልሰው፣ ሁለት ሁለቱን በአጫጭር እንጨት አያይዘው ከመደቡ ሥር እስከ ምሰሶው ዘረጉት። ምስማር አቀባይዋ እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ባቡሩን ከፉርጎዎቹ ጋር አቆላልፈው፣ ቁልፉን ስምንት ጊዜ አዙረው ለቀቁት።

ሄደ። የቆርቆሮ ጎማ እንጨት ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ በየትኛውም ባቡር አላገኘሁትም።

እትዬ አስካለ አማተቡ። «ምን ይጎትተዋል? በሬ የለው፣ እሳት የለው። ደምሴ፣ ይኼ ነገር ጸበል ይፈልጋል።»

ጋሼ ባቡሩን አንስተው ወደ መነሻው መለሱት።

እትዬ አስካለ ጠጋ ብለው «እስቲ ደግመህ ልቀቀው» አሉ። ያን ቀን አራት ጊዜ አስለቀቁት።

እኔ ከሁሉም የወደድኩት ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራውን ፉርጎ ነው። ጋሼ ቆርቆሮውን ገልብጠው ስለሠሩት የዓሣው ሥዕል ወደ ውስጥ ሆኗል። እውነተኛው ባቡርም ውስጡ ዓሣ የተሣለበት ይመስለኝ ነበር፤ ወደ ባሕር የሚሄድ ነው ሲባል ስለሰማሁ። ይህን ለጓደኞቼ ሁሉ እርግጠኛ ሆኜ ነግሬያቸዋለሁ። አንዷም አልተጠራጠረችኝም።

ሌላም የተሳሳትኩት ነገር አለ። ጋሼን ሲያተኩሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር» እያሉ ይጠራሉ። ልጅ የላቸውም ሲባል ሰምቻለሁና የሞቱባቸው ልጆች ስም መሰለኝ። በጣም አዘንኩላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ አፍደም ወንድ ነበር ሴት?»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «አፍደም» አሉ በመጨረሻ፣ «በጣም ሞቃት ነበረች።»

ሴት ናት ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩ። በኋላ ፉርጎዎቹን ሳስተካክል ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ እዚያው አፍደምን አገኘኋት። ጋሼ ከሩቅ ሆነው ሲያዩኝ ነበር፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ትምህርት ቤቱ ዝግ ሆኖ ፊደል ያልጠፋብኝ በእነዚያ ፉርጎዎች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ቀን ባቡሩን ካስኬዱ በኋላ ጋሼ ደረታቸውን ይዘው አረፉና እንዲህ አሉ፦ «የእኔና የእሱ እስትንፋስ አንድ ነው። እሱ ሲሄድ እኔም እሄዳለሁ። እሱ የቆመ ቀን…» የቀረውን አልተናገሩም፤ በእጃቸው አየሩን ቆረጥ አደረጉት። አባቴና እናቴ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የጋሼን ደረት ፉጨትና የባቡሩን ድምፅ አንድ ላይ አዳምጬ፣ እውነታቸውን ነው አልኩ።

ሐምሌ ሲገባ ብርዱ ጠናባቸው። አንኮበር በሐምሌ ጉሙ በር አንኳኩቶ የሚገባ ነው የሚመስለው፤ ልብስ አይደርቅም፣ እንጨት አይነድም። የጋሼ ሳል ቤቱን ያናውጠው ጀመር። አባቴ በጭነት መኪና አሳፍሮ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ወሰነ። የሚሄዱ ቀን ጠዋት አጠገባቸው ጠሩኝ።

«ጥሩ» አሉኝ፤ ሙሉ ስሜ ጥሩወርቅ ነው። «ባቡሩን ላንቺ ትቼ መሄዴ ነው። ዝናብ እንዳያገኘው፣ ዝገት እንዳይነካው። እንደ ሕፃን ጠብቂልኝ።»

ሕፃን እንዴት እንደሚጠበቅ አውቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ገላውን በቅቤ ታሸዋለች፣ በጣቷ ጫፍ ለጋ ቅቤ ታልሰዋለች፣ እሳት ዳር ታሞቀዋለች፣ ከዚያ በባና ጠቅልላ ታስተኛዋለች። እኔም አንድ ሳላጎድል እንዲሁ አደረግሁ። እናቴ ለአፍታ ደጅ ስትወጣ ከቅቤ ቅሉ በሁለት ጣቴ እዝቃለሁ። ፉርጎዎቹ ብዙ ስለሆኑ በስሱ ቀባኋቸው። ራሱን ባቡሩን ግን አበላሁት። የቁልፉ ቀዳዳ አፉ መሰለኝ፤ ቅቤውን እሳት ዳር አሟሙቼ በዚያ አንጠባጠብኩለት። ከዚያ በባና ጠቅልዬ ከወንድሜ አጠገብ አስተኛሁት።

እናቴ ቅሉ መጉደሉን ሳትውል ሳታድር አየች።

«ይቺ ድመት» አለች።

ዝም አልኩ። ድመቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደጅ አደረች። በሩ ላይ ቁጭ ብላ እኔን ብቻ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር። የእሷን ነገር ዛሬም ሳስበው አይመቸኝም።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ከደብረ ብርሃን ተመልሶ «እየተሻለው ነው፣ ምግብም መብላት ጀምሯል» አለ። እናቴ እግዚአብሔርን አመሰገነች። እኔ በሆዴ «አውቃለሁ» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤውን ጨመርኩ።

ጋሼ በነሐሴ አጋማሽ ተመለሱ። ከስተዋል፣ ፉጨታቸው ግን ቀንሷል። መምጣታቸውን ስሰማ ባቡሩን ከላይ በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ ወልውዬ እንደ መስተዋት አደረግሁት። ተቀብለው ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«አንድ የዝገት ነጥብ የለውም። ግርማ፣ ልጅህን እያት» አሉት አባቴን።

ቅቤው አልሸተታቸውም፤ አፍንጫቸው ታፍኗል፣ አራስ ያለበት ቤት ደግሞ ሁሉ ነገሩ ቅቤ ቅቤ ይላል። ሀዲዱ ላይ አስቀምጠው ቁልፉን ያዙ። ስምንት ጊዜ አዞሩ። ለቀቁት።

አልሄደም።

አንስተው በጆሯቸው አዳመጡት። በጣታቸው ጎማውን ገፋ አደረጉት፤ አልዞረም። መልሰው በባናው ጠቀለሉትና «በረደው» አሉ። «እንደ እኔ ደረቱን በረደው።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

በዚያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ልጆች ወልጄ እንኳ ደግሜ አላየሁትም። የበላው ቅቤ ነው። ያበላሁት እኔ ነኝ። ባቡሩ ቆሟል፤ ስለዚህ ጋሼ ይሞታሉ። እትዬ አስካለ ጠይቀዋቸው ሲወጡ ደግሞ በዚያ ሹክሹክታቸው «ይኼ ሰው መስከረምን የሚያይ አይመስለኝም» አሉ። ለማን ልናገር? ለእናቴ ብነግራት የቅቤው ነገር ይመጣል፤ ለጋሼ ብነግራቸው ራሴ ገደልኩዎት ማለት ይሆንብኛል። ሰው ሳያየኝ ቁልፉን ለማዞር ሞከርኩ። ቁልፉ ይዞራል፣ ባቡሩ ግን እንደ ድንጋይ ነው።

ሐኪሙ ለጋሼ ብርድ እንደማይስማማቸው፣ እስከ በጋ ድረስ ቆላ ቢቀመጡ እንደሚሻላቸው ነግሯቸው ነበር። ቁልቁል አልዩ አምባ ያሉት አባባ ኑሩ፣ ዕቃ ለማምጣት በጋሼ ባቡር ሲመላለሱ የኖሩ ነጋዴ፣ «እኔ ቤት ይምጣ» ብለው ላኩ። በነሐሴ መጨረሻ ጋሼ በበቅሎ ተጫኑ፤ አባቴ ሳጥኑንና በገመድ የታሰረውን ሀዲድ በትከሻው አደረገ።

«ባቡሩን ጥሩ ትያዘው» አሉ ጋሼ። «የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። አንድ እግሬን ሳላጸና ሌላውን አላነሳም ነበር፤ ብወድቅ እሱም ይወድቃል። እየወረድን ስንሄድ ጉሙ ከላያችን ቀረ። ከዚያ ፀሐይ ወጣ። ከዚያ ሙቀት መጣ፤ በነሐሴ እንዲህ ያለ ሙቀት መኖሩን አላውቅም ነበር። ማሽላው ቆሟል፣ በቅሎዋ ታልባለች፣ እኔም አልቤያለሁ። ባቡሩን ግን ከደረቴ አላላቀቅሁትም። እንዳይበርደው ነው።

አባባ ኑሩ ከሱቃቸው በር ብቅ ብለው ጋሼን ከበቅሎ አወረዷቸው።

«መጣህ ደምሴ፣ አልሐምዱሊላህ። ባቡሩስ?»

«እሱም መጥቷል። ግን ሞቷል» አሉ ጋሼ።

ዱካ አምጥተው አስቀመጧቸው፣ ውኃ ሰጡን። እንግዲህ በመጀመሪያ የቆጠርኳቸው ሰዎች የተሰበሰቡት በዚህ ጊዜ ነው። እኔ ውኃውን ለመቀበል እንኳ እጄን ከባቡሩ አላነሳሁም። ዘሀራ ቀርባ ዙሪያዬን ዞረች። ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት፣ ዓይኗ ሁሉን የሚያይ ልጅ ነበረች።

«አባ፣ የዚህች ልጅ ዕቃ ያልበዋል» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ዝቅ ብዬ ሳይ ባናው ርሷል፣ ቀሚሴም ርሷል፤ በክርኔ በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ዘሀራ ጣቷን ነክራ አሸተተችው።

«ቅቤ ነው። ወላሂ ቅቤ ነው።»

አባቴ ልጓሙን ለቀቀ። «ጥሩወርቅ። የእናትሽን ቅቤ?»

«እንደ ሕፃን ጠብቂልኝ ብለውኝ ነው» አልኩና ለቅሶዬ መጣ። ስለ ጠዋት ጠዋቱ፣ ስለ ቁልፉ ቀዳዳ፣ ስለ ድመቷም ሳይቀር አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረብኩ ተናዘዝኩ።

ጋሼ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ስንት ቀን አበላሽው?»

«ከሄዱበት ቀን እስከ መጡበት ቀን።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከጨው ገዢዎቹ አንዷ «እኛ እንኳ በበዓል ነው የምንቀምሰው» አለች። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ።

«አልሞተማ» አሉ ጋሼ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ላይ ቤት ብርዱ ቅቤውን ሆዱ ውስጥ አርግቶት ነው። አሁን ቀልጧል። ግን ጥርሶቹ መካከል የባናው ጠጉር ሳይገባ አይቀርም፤ ተፈትቶ መጥራት አለበት።»

ልብስ ሰፊው ትንሿን ካቻቢቴውን ይዞ ተነሣ። «ያምጡት እኔ ልፍታው።»

«ያንተ ጣት ለሱሪ ነው» አሉት ጋሼ። የራሳቸውን እጅ ዘርግተው አዩት፤ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ ጥሩ። ያበላሽውን አንቺው ታወጪዋለሽ።»

አንድ ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉልኝ። ብሎኖቹ አራት ናቸው፣ ከጤፍ ብዙም አይበልጡም። እያንዳንዱን ስፈታ ዘሀራ በመዳፏ እየተቀበለች በተራቸው ትደረድራለች። ሽፋኑ ሲነሣ ውስጡን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ትንንሽ ጥርሶች፣ ከእነሱ ሥር የተጠቀለለ ሞላ፣ ሁሉም በቢጫ ቅቤና በባና ጠጉር ተለውሷል።

«ሞላው ያ ጥቅልል ያለው ነው» አሉ ጋሼ ከዱካው ላይ ሳይነሡ። «እሱን እንዳትነኪው። ከቤቱ ከዘለለ እኔም አልመልሰውም፣ እዚህ አገር የሚመልሰው ሰውም የለም። ዙሪያውን ብቻ።»

«እሺ።»

«ትንፋሽሽን አትያዢ። ትንፋሹን የያዘ ሰው እጁ ይዘላል።»

አባባ ኑሩ በብርጭቆ ላምባ ቀዱልኝ። ዘሀራ የዶሮ ላባ ለቅማ አመጣች። ላባውን በላምባ እየነከርኩ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጠረግሁ፤ ጠጉሩን በልብስ ሰፊው መርፌ ጫፍ እየሳብኩ አወጣሁ። ላምባው ጣቴን አቃጠለው፤ አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ መርፌው ሞላውን ነካ አደረገውና ጢን አለ። እጄን ከፍ አድርጌ ጠበቅሁ። ሞላው ከቤቱ አልወጣም።

አባቴ «ጋሼ፣ ይቅርባት፣ ትሰብረዋለች» አለ።

«ተዋት» አሉ ጋሼ። «እጇን እያየሁት ነው።»

አባባ ኑሩ ለዐስር ሰግደው ሲመለሱ እኔ እዚያው ነበርኩ። ውስጡ ሁሉ ሲነጣ ፀሐይ ላይ አስጥተን አደረቅነው። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ዘይት ሦስት ጠብታ ሰጠኝ። ብሎኖቹን ዘሀራ በደረደረችበት ተራ መለስኳቸው፤ አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልተረፈም።

ሀዲዱን በረንዳው ላይ ዘረጋነው፤ ፉርጎዎቹም ተቆላለፉ። ጋሼ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ስምንት ጊዜ አዞርኩ። ስለቀው ዓይኔ ባቡሩ ላይ አልነበረም፤ የጋሼ ደረት ላይ ነበር።

ድምፁን ሰማሁት። ሄደ። አሥራ አንዱንም ፉርጎ እየጎተተ ከበሩ እስከ ስፌት መኪናው ሄደ። ጋሼ በአፋቸው እንደ ባቡር አፏጩለት፤ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። አባባ ኑሩ ጎንበስ ብለው በፉርጎዎቹ ላይ ያለውን ስም እያነበቡ «አዋሽ ደረስን፤ ጓዝህን አውርድ! ያ የእኔ ማዳበሪያ ነው፣ አትርገጠው!» ይላሉ። ዘሀራ ከጎኑ እየሮጠች ነው። ጨው ሊገዙ የመጡት ሴቶች ጨዋቸውን ረስተዋል።

ቀና ስል ሰው ሁሉ የሚያየው ባቡሩን ብቻ ሳይሆን እኔንም ነበር። ከዚያ በፊት እንዲያ ታይቼ አላውቅም። ልብስ ሰፊው ለአባቴ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለው፤ አባቴም «የእኔ ናት» አለ። ማንም እንደሚያውቀው ነገር ሳይሆን፣ አሁን እንደሰማው ነገር አድርጎ ነው ያለው።

ባቡሩ ጉልበቱን ጨርሶ ሲቆም ጋሼ አጠገብ ሄድኩ።

«አሁን አይሞቱም አይደል?»

«ለምን እሞታለሁ?»

«እስትንፋሳችን አንድ ነው ብለዋል።»

ሳቃቸው ጠፋ። እጄን ያዙኝ፤ እጄ ላምባ ላምባ ይሸታል። «ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ተሸክመሽ ነው?» አሉኝ። «ስሚ ልጄ። ሰው ባቡር አይደለም። የሰው ሞላ ከቆመ ማንም አይጠመዝዘውም፣ ቅቤ አብልቶም የሚያቆመው የለም። ይህ በአንቺ እጅ አይደለም። ዛሬ ግን አልሞትም።»

አመንኳቸው። እውነትም ያን ቀን አልሞቱም፤ መስከረምንም አዩ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ መስከረም። የእትዬ አስካለ ሹክሹክታ ያን ጊዜ ተሳሳተ።

ልንመለስ ስንነሣ ጋሼ ሳጥኑን ወደ እኔ ገፉት። አባቴ ግራ ገባው።

«ሴት ልጅ ባቡር ምን ያደርግላታል? ልስጥ ካልክ ለወንዱ እናስቀምጥለት።»

«ለወንዱ? ገና አንገቱ ላልጸናው?» አሉ ጋሼ። «ግርማ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ፍሬን ይዣለሁ። እጅ አውቃለሁ። ሞላውን ሳታስወጣ ብሎን የፈታችው ማን ናት?»

 ጋሼ ቁልፉን በክር አድርገው ከማተቤ ጋር አሰሩልኝ። ከዚያ የሰርዲኑን ፉርጎ አንስተው ለዘሀራ ሰጧት። እኔ ከሁሉም የምወደው እንደነበር ያውቃሉ፤ ሲሰጧትም እኔን እያዩ ነው። «ላቡን ያየችው እሷ ናት። ባታየው ኖሮ ባቡሩ ተጠቅልሎ በስብሶ ይቀር ነበር» አሉ። ትንሽ ከፋኝ። ዘሀራ ውስጡን አይታ «ዓሣ አለው» ብላ ስትጮህ ግን መከፋቴ አለፈ።

«ወደ ባሕር ስለሚሄድ ነው» አልኳት። ጋሼ አላረሙኝም።

ዳገቱን ሳጥኑን አባቴ ተሸክሞ፣ ባቡሩን እኔ ይዤ ወጣን። ጉሙ ውስጥ ስንገባ ባቡሩን ገልጬ አየሁት፤ ደረቅና ንጹሕ ነበር። ቤት ስንደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ለድመቷ በር መክፈት ነው። እናቴን ቀጥሎ አናገርኳት፤ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ቁልፉን አንገቴ ላይ አይታ ማተቤን አስተካከለችልኝ።

ጋሼን ልንጠይቅ በጥቅምት ስንወርድ ዘሀራ አልነበረችም። አክስቷ ዘንድ አዋሽ ሄዳለች አሉን፤ ፉርጎውንም ይዛ ነው የሄደችው። በዓመቱ አባባ ኑሩም ሱቃቸውን ዘግተው ወደዚያው ሄዱ። እኔም ከዚያ በኋላ ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም።

ስሟ ዘሀራ ኑሩ ነው። አሁን የልጆች እናት ሳትሆን አትቀርም። ፉርጎው የእሷ ነው፣ እንድትመልስልኝ አልፈልግም። ነገር ግን ወሬዋን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በሕይወት መኖሯን፣ ደህና መሆኗን ብቻ ይንገረኝ።